የባቡር ቤተሰብ ዕቃ፦ መዝገቡ ይቅደም፣ ኤግዚቢሽኑ ወይስ ፈንዱ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል። «ድሬዳዋ ያለን የባቡር ሠራተኞች ልጆች ነን። ከአባቶቻችን የተረፈ ፎቶ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ቲኬት፣ ኮፍያ፣ ዩኒፎርምና ፋኖስ ሰብስበን እኔ ቤት አስቀምጠናል። ሦስት መቶ ገደማ ይሆናል። ኤግዚቢሽን ብናዘጋጅና ከተማው ቢያየው ደስ ይለናል። በኋላም ትንሽ ሙዚየም እንዲሆን እንፈልጋለን። ለዚህ ፈንድ የሚሰጡ የውጭ ድርጅቶች አሉ ይባላል። ከየት እንጀምር? ፕሮፖዛሉን ማን ይጻፍልን? ዕቃውን ብናጸዳውስ? አንድ ሰው ደግሞ ፋኖሱን ልግዛችሁ እያለ ነው።»

የድሬ ልጅ ስለሆንሽ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ድሬ ላይ አንቱ ብልሽ ሰው ይስቅብኛል።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ፕሮፖዛሉ ይቆይ። መዝገብ ጀምሩ። ኤግዚቢሽን ያላችሁትን ደግሞ መዝገቡ የሚሞላበት ቀን አድርጉት። ፈንድ ሰጪው የሚያምናችሁ ይህን ሠርታችሁ ሲያይ ነው። የቀረው የዚህ ዝርዝር ነው።

የሙዚየም ሰዎች ዕቃን የሚያጠፉ ምክንያቶችን ዐሥር አድርገው ይቆጥራሉ። ስብራት፣ ሌባ፣ እሳት፣ ውኃ፣ ተባይ፣ ብክለት፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ እርጥበት። ዐሥረኛውን ብዙ ሰው አይገምተውም፤ መረጃው ከዕቃው መለየቱ ነው። ፎቶው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ማን እንደሆነና የት እንደተነሳ ግን የሚያውቅ የለም። ለእኔ እንዲህ ያለው ፎቶ ከተቀደደው ይብሳል፤ የተቀደደውስ ይጠገናል። እናንተ ቤት ካለው ዕቃ ላይ ያንዣበበው ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬ ሲገባ ያየ ሰው ዛሬ የለም። በናፍጣው ዘመን የነዱት፣ ቲኬት የቆረጡት፣ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ያቀኑት ግን አሁንም በየሰፈሩ አሉ። ዓይናቸውም ጆሯቸውም እየደከመ ነው። ፈንድ የዛሬ ዓመትም ይመጣል፤ እነሱ ግን ዓመት እስኪሞላ ላይቆዩን ይችላሉ። ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስነው የፈንድ ሰጪው ቀነ ገደብ ሳይሆን የእነሱ ዕድሜ ነው።

መዝገቡን እንዴት ትጀምራላችሁ? ኮምፒውተር አያስፈልግም። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጹ የማይገነጠል ትልቅ ደብተር ግዙ። ኤክሴሉ በኋላ ይደርሳል። ኤክሴል ላይ አንድ ሰው ሳያውቅ አንድ ረድፍ ቢያጠፋ ማንም አያይም፤ ደብተር ላይ ግን የተሰረዘ ሁሉ ይታያል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ስጡት። የተለመደው አሠራር ሦስት ክፍል አለው፤ የመጣበት ዓመት፣ በዚያ ዓመት ስንተኛው ሰጪ እንደሆነ፣ ከዚያ ሰጪ ስንተኛው ዕቃ እንደሆነ። 2018.3.12 ማለት በ2018 ዓ.ም. ሦስተኛው ሰው ካመጣው ውስጥ ዐሥራ ሁለተኛው ዕቃ ነው። እዚህ ላይ እኛ አገር የሚገጥም ጣጣ አለ። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ቀጥሉ፤ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም በግልጽ ጻፉት። ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ የተቆጠረ መዝገብ ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ራስ ምታት ነው። አንድ ዕቃ ቢጠፋ ወይም ለባለቤቱ ቢመለስም ቁጥሩን ለሌላ አትስጡ።

ምን ይጻፍ? የተሰረቀ ቅርስን ለመለየት ሙዚየሞችና ፖሊሶች በዓለም ላይ የሚጠቀሙበት አጭር መመዘኛ አለ፤ ኦብጀክት አይዲ ይባላል። ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ ከምን ተሠራ፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ምን ተጽፎበታል፣ ምን ልዩ ምልክት አለው፣ መቼና በማን ተሠራ፣ ፎቶውስ? በእሱ ላይ ማን ሰጠ፣ መቼ ሰጠ፣ ምን ብሎ ሰጠ የሚለውን ጨምሩ። «የደመወዝ ወረቀት» ብላችሁ አትለፉ። እንዲህ ጻፉ፦ «የደመወዝ ወረቀት፣ በፈረንሳይኛ የታተመ፣ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተሞላ፣ መሃሉ ላይ አንዴ የታጠፈ፣ ቀኝ ጥግ ላይ ሐምራዊ ክብ ማኅተም፣ ግራ ጥግ በምስጥ የተበላ።» ይሄ ወረቀት ነገ ቢሰረቅ በዚህ አገላለጽ ብቻ ይታወቃል። ልዩ ምልክት የሚባለው ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። እድፉን፣ ቀዳዳውን፣ ጭረቱን አትዝለሉት።

ቀን የሌለው ወረቀት ከሆነ ራስጌውን አንብቡ። የኩባንያው ስም ተቀያይሯል። በፈረንጅ 1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከዚያ በፊት የነበረው የኢምፔሪያል ኩባንያ የሚባለው ነው። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ የጅቡቲና የኢትዮጵያ በሚል ስም ተተካ። ራስጌው ላይ ያሉት የፈረንሳይኛ ምህጻሮች ስለዚህ የጊዜ ምልክት ናቸው። ጅቡቲ የተመታ ማኅተም ከተገኘማ ይበልጥ ይቀላል። አገሩ እስከ 1967 እንደ ፈረንጅ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ይባል ነበር፤ ከዚያ እስከ 1977 ነጻነት ድረስ የአፋርና የኢሳ ግዛት ተባለ። ማኅተሙ ላይ የትኛው ስም እንዳለ ማየት ብቻ ወረቀቱን ወደ ዘመኑ ያስጠጋዋል። ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችሉ ጡረተኞች በየቤቱ አሉ። ለትርጉም ቤት ከመክፈላችሁ በፊት እነሱ ዘንድ ሂዱ፤ የሥራውን ቋንቋ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቁጥሩን ዕቃው ላይ ለማድረግ እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ለፎቶና ለወረቀት ከጀርባ ጥግ ላይ ለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት እርሳስ ካልያዘ ፖስታ ውስጥ አስገብታችሁ ቁጥሩን ፖስታው ላይ ጻፉ፤ ፎቶው ከመግባቱ በፊት። ለዩኒፎርም ቁጥር የተጻፈበት ጥጥ ሪባን በላላ ስፌት ከውስጥ በኩል ይሰፋል። ለፋኖስና ለብረት ደግሞ በጥጥ ክር የታሰረ ካርድ ይበቃል።

ቀጥሎ ሰው የሚሸሸው ጉዳይ አለ። ዕቃው የማን ነው? ሰብሳቢዋ አንቺ ስለሆንሽ ያንቺ አይሆንም። አባት ካረፉ ዕቃው የወራሾች ሁሉ ነው። አንዱ ወንድም በደስታ ሰጥቶ ካናዳ ያለችው እህት «ማን ፈቀደ?» የምትልበት ቀን ይመጣል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ውሰት ከሆነ እስከ መቼ? ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ከተቻለ ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ፤ ውጭ ያለው በስልክ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ እሱም ታትሞ አብሮ ይቀመጥ።

ሌላም አለ። አባቶቻችን ቤት ከገባው ዕቃ ውስጥ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። የደመወዝ ወረቀትና ኮፍያ የሠራተኛው ነው። የጣቢያ መዝገብ፣ የንብረት ቁጥር የተመታበት ፋኖስ ወይም መሣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን አትደብቁ። ለብቻው ዝርዝር አውጡለትና ባለቤቱን በደብዳቤ አሳውቁ፤ በውሰት ለመያዝ ጠይቁ። ጣቢያው ወይም ወርክሾፑ ውስጥ አሁንም ያለውን ደግሞ ፎቶ አንሱት እንጂ አታንሱት። ነገ ሙዚየም ስትሆኑ ስማችሁን የሚያጠፋው ከዚያ የወጣ አንድ ብሎን ነው።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዳይኖር አይከለክልም። ነገር ግን ባለይዞታው የማስመዝገብና የመንከባከብ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ሲሞላ ኮፒውን ይዛችሁ የአስተዳደሩ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ «ማመልከቻ አስገቡ» ትባላላችሁ። መዝገብ ይዛችሁ ስትሄዱ ጨዋታው ይለወጣል፤ ባለሙያውም የሚያየው ነገር ያገኛል። እግረ መንገዳችሁን የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለፈንድ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ለመውጣት ደግሞ የሚፈጀውን ጊዜ ታውቂዋለሽ።

አሁን ስለ ማጽዳት። አታጽዱ።

ይሄን ስል የእናቶቻችን እጅ ነው የሚታየኝ። ነሐስ ሲያዩ ሎሚና አመድ ይነሳል። ፋኖሱ ያበራል፤ አዎ። አብሮ ግን ላዩ ላይ የተቀረጸው የኩባንያ ምልክት በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመያዣው ላይ የነበረው የእጅ ጠባሳም ይጠፋል። የሙዚየም ዕቃ ማብራት የለበትም። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠርጉና ተዉት። ዝገት እየተፈረፈረ ከሆነ ለብቻው አስቀምጡና ባለሙያ አሳዩ።

ወረቀት ላሚኔት አይደረግም። ይሄን በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። እኛ አገር የከበረ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፤ ከልደት ካርድ እስከ ዲግሪ። ሙቀቱና ሙጫው ግን ወደ ወረቀቱ ገብተው በቀላሉ አይወጡም። ከዚያ በኋላ ያንን ወረቀት ማከም ለባለሙያም በጣም ከባድ ነው። ስኮችም እንደዚያው ነው። ጊዜ ሲያልፍ ፕላስቲኩ ይረግፋል፣ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ሙጫ ባለው አልበም ላይ የተለጠፈ ፎቶ ካለ በጉልበት አትላጡት፤ እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሱት።

ድሬ ሞቃት ናት። ሙቀቱን መለወጥ አትችሉም። ሙቀቱ ላይ ጸሐይና ተባይ እንዳይጨመር ማድረግ ግን ትችላላችሁ። ዕቃው ያለበት ክፍል መስኮት ይጋረድ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል አይሁን። የእናቶቻችን የብረት ሳጥን ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ምስጥ አይበላውም። ከመሬት በብሎኬት አንሱት፣ ከግድግዳም አርቁት። ውስጡን በአቡጀዴ አልብሱት። አቡጀዴው አዲስ ከሆነ ስታርቹ እስኪወጣ በሙቅ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ፎቶ ፌስታል ውስጥ አይግባ። ናፍታሊንም አታድርጉ፤ ለሚነካው ሰው ጤና ጥሩ አይደለም፣ ሽታውም ከዩኒፎርሙ አይለቅም።

ዩኒፎርሙ ላይ ብል ካያችሁ መድኃኒቱ ፍሪዘር ነው። ልብሱን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። የሥጋ ወይም የአይስክሬም ቤት ፍሪዘር የሚያውሳችሁ አይጠፋም። ስታወጡት ፕላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፤ አለበለዚያ ላብ ያርፍበታል። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራውን ከዜሮ ጀምሩ። ቆዳ፣ ፎቶና ቀለም የተቀባ እንጨት ግን ባለሙያ ሳታማክሩ አታስገቡ።

ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። ዋናው ምክሬ እዚህ ነው።

ኤግዚቢሽን ስትሉ የታሰባችሁ መስታወት፣ ሪባን መቁረጥ፣ የክብር እንግዳ፣ ንግግር ነው። እንግዳው አርፍዶ ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ቁጭ ብለው ያንቀላፋሉ፣ ሁሉም ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። መዝገቡ ላይ አንድ መስመር አልተጨመረም። በምትኩ ስም የሚገኝበት ቀን አዘጋጁ። ፎቶዎቹን ስካን አድርጉ፤ ኦሪጅናሉ ከቤት አይውጣ። በትልቁ አሳትሟቸው፤ የተራ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥራት ይበቃል። እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩ በጉልህ ይታተም። ገመድ ወጥሩና በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ፤ ከፍታው ለተቀመጠ ሰው ዓይን ይሁን እንጂ ለቆመ ጎረምሳ አይሁን። ከእያንዳንዱ ሥር ባዶ ወረቀት አንጠልጥሉ። አንድ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይመደብ። ሽማግሌው ይናገራል፣ ልጁ ይጽፋል፣ ስልኩም ይቀዳል።

ጥያቄውን ማወቅም አለበት። «ስለ ድሮው ይንገሩን» ብትይ አጠቃላይ ምርቃት ነው የምታገኚው። ጣትሽን ፎቶው ላይ አድርጊ። ይሄ ማነው? ከጎኑ ያለውስ? ይሄ በር የቱ ነው? ኮፍያው ላይ ያለው ምልክት የማን ነው፣ የነጂ ወይስ የተቆጣጣሪ? ይሄን ዕቃ በየትኛው እጅ ነበር የምትይዙት? እንዲህ ሲጠየቁ ነው ሰውየው ራሳቸው ተነስተው መብራት እንዴት እንደሚወዘወዝ የሚያሳዩሽ። ያንን በቪዲዮ ያዙት። ፋኖሱ ያለዚያ የእጅ እንቅስቃሴ ግማሽ ነው።

ሁለት ሽማግሌዎች ባይስማሙስ? ይከራከሩ። ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን ምን እንዳለ ከነስሙ። «ትክክለኛው ይሄ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ። ክርክር ላይ የሚወጣው ወሬ ከስምምነቱ ይበልጣል። ደግሞ የድሬ ሰው ካልተከራከረ የቀረበለትን ነገር አልወደደውም ማለት ነው።

ቋንቋውን አስቡበት። ባቡሩ ላይ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ ሐረሪውም፣ ዐረቡም ሠርቷል። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ግማሹን ምስክር ከበር መለሳችሁት ማለት ነው። ጸሐፊ ወጣቶቹን ስትመርጡ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ይኑሩ። የፈቃድ ወረቀቱም በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው። ጣት አስነክቶ ማለፍ ፈቃድ አይባልም።

ሰዓቱም ነገር አለው። ከጠዋቱ 2:30 ጀምራችሁ 5:30 ላይ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሽማግሌ አያስቀምጥም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ነው፤ ከበርጫ ጋር የተወዳደረ ፕሮግራም ሲያሸንፍ አላየሁም። ከሰዓት መሆኑ ግድ ከሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ዓርብ አይሁን። ረመዳንን ዝለሉ። ቦታው ዛፍ ያለበት ይሁን፤ ከዚራ ለዚህ የተፈጠረች ናት። የድሮው ጣቢያ ግቢ ቢፈቀድላችሁ እሰየው፤ ካልተፈቀደም የፈረንሳይ ባህል ማዕከሉን አሊያንስን ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ጠይቁ። ወሩን በተመለከተ ታኅሣሥን አስቡበት። ለቁልቢ ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 19፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም የድሬ ልጅ ይመጣል። በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አድርጉት። በዕለቱ መኪናም ባጃጅም አይገኝም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ከበዓሉ በኋላ ግን እንግዳው ገና አልተመለሰም፤ ሻንጣው ውስጥ የአባቱ ፎቶ ያለው ሰውም አይጠፋም። አየሩም በዚያ ወር ይሻላል።

ሻይና ባቅላባ ይኑር፤ ግን ከወረቀቱ ራቅ ባለ ጠረጴዛ። ድንኳንና ወንበር ከእድር ውሰዱ። ይሄን እንደ ውለታ ብቻ አትቁጠሩት፤ ደረሰኝ አስጽፉበት። «እድራችን ይህን ያህል ወንበርና አንድ ድንኳን ለአንድ ቀን ያለ ክፍያ ሰጥቷል፤ የኪራይ ዋጋው ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት። ብዙ ፈንድ ሰጪ «እናንተስ ምን አዋጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ይሄ ወረቀት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁሉም ፎቶ አይሰቀልም። በ1969 እና በ1970 ጦርነትና በቀይ ሽብር ዘመን የጠፉ ሰዎች አሉ። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ማን እንደወሰደው የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀድማችሁ ለቤተሰቡ በግል አሳዩ፤ እንዲሰቀል ካልፈለጉ አይሰቀል። መዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ፣ ያ ይበቃል። ሌላው የሐምሌ 1998 ጎርፍ ነው። የደቻቱ ወንዝ የወሰደው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሰርግ ፎቶና አልበምም ወስዷል። ገመዱ ላይ ካሉት ፎቶዎች በአንዱ ጎረቤት ሆኖ የቆመ አባቱን የሚያገኝ ሰው ይኖራል። አነስተኛ ማተሚያ ይኑራችሁ፤ እዚያው ኮፒ ስጡት። ከበጀታችሁ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የሚወጣ ብር አይኖርም።

የስካን ነገር በአጭሩ። ፎቶ በ600፣ ወረቀት በ300 ዲፒአይ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከድሬ ውጪ ይሁን።

አሁን ፈንዱ። ይሄ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ፕሮፖዛል መጻፍ ቀላል ነው፤ የምትጽፉት ነገር አላችሁ። ለማኅደረ ሰነዶች ሁለት ቦታ ላመልክታችሁ። አንደኛው የብሪቲሽ ላይብረሪ በአደጋ ላይ ላሉ መዛግብት ያቋቋመው ፕሮግራም ነው፤ ከ2004 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ አለ። ትኩረቱ በፈረንጅ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የነበረ ሰነድ ነው። ሁለተኛው ሎስ አንጀለስ ያለው የዩሲኤልኤ ላይብረሪ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ለሃያኛውና ለሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ሰነድ ነው። የእናንተ ወረቀት አብዛኛው በንጉሡ መጨረሻና በደርግ ዘመን ከሆነ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ሁለቱም ኦሪጅናል አይወስዱም፤ ስካኑን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም እንዲከፈት ግን ይፈልጋሉ። ቅድም የፈቃድ ወረቀት ስላልኩሽ ነገር እንግዲህ ገባሽ። ሁለቱም ለስካን ሥራ እንጂ ለድንኳን፣ ለሕንፃ ወይም ለክብር እንግዳ ምሳ አይከፍሉም። ዝግጅቱን ከአገር ውስጥ፣ ከእድር፣ ከነጋዴና ከድሬ ልጆች መዋጮ ሸፍኑት። ያን ያህል ውድ አይደለም።

«እናንተ ማናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለግለሰብ ብር የሚልክ የለም። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር መመሥረት ነው። ለዚህ ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ። ምዝገባው ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። አስተዳደራዊ ወጪ ደግሞ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ወይም የተመዘገበ ድርጅት ጥላ እንዲሆን ጠይቆ በእሱ ሒሳብ መቀበል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኦዲቱና ሪፖርቱ ያልለመደ ሰው ያደክማል። ስምምነቱ ላይ ግን ዕቃው የማን ሆኖ እንደሚቀር በግልጽ ይጻፍ።

ፕሮፖዛሉን ማን ይጻፍ? እናንተው። በመቶኛ የሚሠራ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ቢመጣ በትህትና ሸኙት። ከሌላ ቦታ የጻፈውን ስም ቀይሮ ያመጣላችኋል፤ አንባቢው ደግሞ እንዲህ ያለውን በሁለተኛው ገጽ ይለየዋል። እንግሊዝኛውን የሚያቀና ሰው ፈልጉ እንጂ የሚያስብላችሁን አትፈልጉ። «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን ሐረግ አውጡት። ግንዛቤ ተጨበጠ አልተጨበጠ ማን ይለካል? እንዲህ በሉ፦ «አሁን ስም ያላቸው ፎቶዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ፎቶ ተመዝግቦ፣ ስም የተገኘለት ከነተናጋሪው፣ ያልተገኘለትም ማን እንደተጠየቀ ተጽፎ ይገኛል።» ይሄ ይቆጠራል። ናሙና እንዲሆን ከደብተራችሁ ሁለት ገጽ አባሪ አድርጉ። በእኔ ግምት ከሙሉ ፕሮፖዛሉ ይበልጥ የሚያሳምነው እሱ ነው።

በጀት ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። «አበል» የሚል መስመር አትክፈቱ። አንዴ ከተከፈተ ስብሰባ የሚመጣ ሁሉ ይጠብቃል፤ ፈንድ ሰጪውም ዓይኑን ያጠባል። በምትኩ «ለአረጋውያን የባጃጅ መመላለሻ» በሉ፤ ተፈርሞ የሚከፈል። ሰውየውን ከቤት ያወጣቸው፣ ይመልሳቸው። ለወጣቶቹ የሥራ ክፍያ በቀን ሒሳብ ይያዝ። ለስካነርና ለሃርድ ዲስክ ሦስት ፕሮፎርማ አያይዙ፤ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የፕሮፎርማ ዋጋ ዕድሜ አጭር ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው የተወሰደበትን ቀንና የምንዛሪውን መጠን ግርጌ ላይ ጻፉ።

ሙዚየሙን በተመለከተ አትቸኩሉ። ሐረር ጁገል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ፤ በባጃጅም ባይሆን በሚኒባስ ቅርብ ነው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ መሰብሰብ የጀመሩት በግላቸው ነው፤ ሙዚየሙም መጀመሪያ የራሳቸው ቤት ውስጥ ነበር። ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ሕንፃ የመጣው በኋላ ነው። ስትሄዱ ዕቃውን ብቻ አትዩ። ካርዱን፣ መጽሐፍ የሚጠገንበትን ቦታና ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁ።

ፋኖሱን ልግዛ ያለው ሰውዬ ጋ ደረስኩ። አይሸጥም በሉት። መጀመሪያ ነገር የእናንተ መሆኑ ገና አልተጣራም፤ የንብረት ቁጥር ካለበት ጨርሶ የመሸጥ መብት የላችሁም። ከአገር ሊያወጣው ካሰበ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል፤ እናንተንም ጭምር። ስሙንና ስልኩን ግን ተቀበሉት። የባቡር ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ ብዙ ያውቃል፤ ፋኖሱ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት የየት እንደሆነ ጠይቁትና የሚላችሁን ከነስሙ በእርሳስ መዝግቡ። እስከዚያው የፋኖሱን ፎቶ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ፣ ዕቃው የማን ቤት እንዳለም ለማንም አትናገሩ።